ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ይዤ ከደሴ ቦሌ

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያገኘኝ ሁሉ «አዲስ አበባ እንዴት ነበር? ልጅቷስ ምን አሏት?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከስር ጀምሬ ስተርክ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ይህን ያንብብ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ኖሯችሁ መሄድ ያልቻላችሁም አንብቡት፤ የመንገዱን ጣጣ እኔ አይቼላችኋለሁ።

እሑድ

ባለቤቴ ሰዒድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘን። ልጃችን ሒክማ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። ሲጨንቃት የቀኝ እጇን አንጓ ትነክሳለች፤ ቆዳው ከመነከስ ብዛት ጠቁሮ ጠንክሯል። እኔ የሄድኩት ለዚህ ንክሻ ነው። ሰዒድ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። በአውቶቡሱ መስኮት ተንጠራርቶ «አንድ ነገር ትበለኝ ብቻ። አባባ ባትልም ግዴለም፤ የፈለገችውን ትበለኝ» አለኝ። እኔ ምን ላድርግ? «ለሹፌሩ ንገረው» ልለው ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ተውኩት።

አስራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን የተባለው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» እያለ አሥር ሰው አስገባ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ኮምቦልቻ እንኳ ሳንደርስ «የኔ ቆንጆ» ብለው ሒክማን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሟት። ወዲያው አንጓዋን ነከሰች። አፈፍ አድርጌ ይዣት ወደ አውቶቡሱ ኋላ ሄድኩ፤ እስክትረጋጋ ቆሜ ተጓዝኩ።

ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ማር ምላሷ ላይ አድርጊ አለኝ። አንዱ ዓይን ነው አለ። አንዱ የእህቱ ልጅ ሰባት ዓመት ዝም ብሎ በስምንተኛው ፈረንጅኛ ተናገረ ብሎ ማለ። ወሎ ውስጥ የሐኪም እጥረት አለ የሚል ሰው በዚያ አውቶቡስ አልተሳፈረም።

ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለማው ደስ አላትና ሳቀች። ደብረ ብርሃን ለምሳ ወረድን። ሒክማ ነጭ ሩዝ ብቻ ነው የምትበላው፤ ነጭ ማለት ምንም ያልነካው። አስተናጋጇ ቲማቲም ጣል የተደረገበት አመጣች። መለስኩት። ቲማቲሙን አንስታ ያንኑ ሩዝ አመጣች፤ ሒክማ ቀዩን ምልክት አይታ ሳህኑን ገፋችው። በመጨረሻ ባለቤቲቱ ራሷ ወጥ ቤት ገብታ ሌላ ቀቀለችልን፤ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋም «ልጅ እየበላች ነው» ብላ በር ላይ ቆመችበት። ስሟን ሳልጠይቅ መሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ የሰዒድ አክስት እትዬ ከድጃ ከቀትር ጀምሮ ቆመው ጠበቁን። ሒክማን ከእጄ ነጥቀው አገላብጠው ሳሟት፤ እኛ ወሎዬዎች ስንሳሳም ማን ይቆጥራል? ልጅቷ አንጓዋን ነከሰች። ተቀብዬ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ወሰድኳት፤ እዚያ ዝም አለች። እትዬ ከድጃ ዕንባቸው መጣ። «አልወደደችኝም» አሉ።

ቤታቸው ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ዙሪያው ሲሚንቶና አሸዋ ነው፤ መንገዱ ገና ሊሠራ ነው ወይስ ተሠርቶ ሊፈርስ ነው መለየት አይቻልም። ዳገት ለደሴ ሰው ብርቅ አይደለም። ውሃም ደሴ ይጠፋል፤ ግን በጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት የለም። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሊል ገባ፤ የገባውም ሒክማን ሳመ። ያን ዕለት ስንቴ ይዣት በረንዳ እንደወጣሁ አላውቅም።

ሰኞ

ቀጠሮው ቦሌ ነበር፤ ከትልልቆቹ የገበያ ማዕከሎች ጀርባ ያለ፣ የሰው ቤት ተከራይቶ የተከፈተ የሕፃናት ማዕከል። በስልክ የጠራነው መኪና ሹፌር ካርታው የመራውን ትቶ «አቋራጭ አውቃለሁ» አለና አቋራጩ ተቆፍሮ ጠበቀን። ደሴ ከዳር እስከ ዳር የምሄድበትን ሰዓት አንድ አደባባይ ላይ ጨረስኩት። ሹፌሩ እስከዚያ የልጅ አስተዳደግ አስተማረኝ። ልጅ እንዳለው ብጠይቀው «ገና አላገባሁም» አለኝ።

እንግዳ ተቀባይዋ የሆስፒታል ወረቀቴን አየችና «ይሄ ኮፒ ነው። ኦሪጅናሉ ማኅተም ያለው ያስፈልጋል» አለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኦቲዝም ነው ያሉን እዚሁ አዲስ አበባ ባለ ሆስፒታል ነበር፤ ኦሪጅናሉ እዚያው ፋይል ውስጥ ነው።

የባሕርይ ሕክምና ባለሙያዋ ሜላት ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፤ ከሦስት ቃሏ አንዱ እንግሊዝኛ ነው። ሒክማን አልሳመችም፤ ወለል ላይ ራቅ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። እኔ መድኃኒት ወይም ሥልጠና ዛሬውኑ የሚጀመር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ደብተር አውጥታ ገጹን በሦስት ዓምድ ከፈለችው።

«ከመንከሷ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገች፣ ወዲያው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ» አለች። «ለሦስት ቀን ይጻፉ። ለምን እንደሆነ አይጻፉ፣ ያዩትን ብቻ። ዳታ ሳይኖር ፕላን ብሠራ ግምት ነው የሚሆነው።»

«ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ የዋልኩት ደብተር ለማስመር ነው?» አልኳት።

«ይገባኛል። ግን አንድ ዓይነት ንክሻ ሁለት ልጅ ላይ ሁለት የተለያየ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሳናውቅ የምንሰጠው ነገር ሊያባብሰው ይችላል።»

«ትናገራለች ወይ? አባቷ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

«ቃል አልገባልዎትም። በጥናት የተፈተነውን ነው የምንሠራው። ከሠራ ቁጥሩ ያሳየናል፤ ካልሠራ እንቀይረዋለን።»

ቃል ለማይገባ ሰው ይህን ያህል መጓዝ ያናድዳል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ዓርብ ስምንት ሰዓት ነበር፤ እሱ ካለፈ የሚገኘው ክፍት ቀን ከሦስት ወር በኋላ ነው። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ የሰጡኝ አንድ ሳምንት ነው፤ እሱንም ከነምክሩ።

ማክሰኞ

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ዓምድ አያስፈራኝም። ቀኑን ሙሉ ደብተሬን ብብቴ ሥር ይዤ ዋልኩ። ሰባት ንክሻ መዘገብኩ። «እትዬ ከድጃ ከእንቅልፏ ስትነሳ ሳሟት፤ ነከሰች፤ ዝም አለች።» «የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሳመቻት፤ ነከሰች፤ ዝም አለች።» በማስመሪያ አስምሬ፣ ሰዓቱን በቀይ ጽፌ፣ ተማሪዎቼ ቢያዩት የሚቀኑበት ሥራ ነው።

እትዬ ከድጃ ደብተሩን በጎን ያዩታል። ለባሏ ዘመድ እንግዳ ሆና ሄዳ ሰው ቤት ውስጥ የሚሆነውን የምትጽፍ ሴት እንደማያምር እኔም አላጣሁትም። ምሳ ላይ አንዱን ጉርሻ ሳልውጥ ሌላውን እያስከተሉ «ብዕሯን አስቀምጪና ብዪ» ይሉኛል። ቤታቸው ያለውን ፍራሽ ሁሉ ለእኛ አንጥፈው እሳቸው ሳሎን ስስ ምንጣፍ ላይ ነው ያደሩት፤ ያንን የማየው ጠዋት ስነሳ ነው፤ ብለምናቸውም አልሰሙኝም።

ረቡዕ እና ሐሙስ

ሁለቱን ቀን የማልለያየው ራሳቸው ስላልተለያዩ ነው። ኦሪጅናሉን ወረቀት ፍለጋ ሆስፒታል ሄድኩ። ሒክማን ሰልፍ ላይ ማቆም ስለማይቻል ከእትዬ ከድጃ ጋር ተውኳት፤ ደብተሩንም ከነብዕሩ ሰጠኋቸው፤ ዓምዶቹንም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። መጻፍ የተማሩት ካረጁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ፊደላቸውን ስለሚወዱት በደስታ ተቀበሉኝ። «አብሽሪ፣ እጽፈዋለሁ» አሉ።

ረቡዕ ሲስተም የለም። ሐሙስ ሲስተም መጣ፤ ሒክማ ግን የለችም። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ በሁለት ዓይነት «ሐ» ፈለጋት፣ በአባቷ ስም ፈለጋት፣ በመጨረሻ በወንዶች መደርደሪያ ውስጥ አገኛት፤ ፆታ የሚለው ላይ ወንድ ተብላለች። ይታረም ብል ሌላ መስኮት አሳየኝ። ሰልፉን አይቼ ተውኩት፤ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

ረቡዕ ማታ ደክሞኝ ደብተሩን አላየሁም፤ «ጽፌዋለሁ» ሲሉ አመንኳቸው። ሐሙስ ማታ ገለጥኩት። በሚያምር ፊደል፣ ከመስመር ሳይወጣ፣ በመጀመሪያው ዓምድ «ጧት፦ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት» ይላል። በሁለተኛው «ቀትር፦ ሩዝ በልታለች፣ ደህና ናት።» በሦስተኛው «ከሰዓት፦ ማሻአላህ።» ሁለቱም ቀን እንዲያ ነው። የሒክማን እጅ አየሁ። አዲስ የጥርስ ምልክት አለ፤ በላዩ ቅባት ተቀብቷል።

«እትዬ፣ ነክሳለች አይደል?»

«ትንሽ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉም?»

«ደህና ናት ወይ ስባል ምን ልበል?» አሉ። «ሰው ልጅሽ እንዴት ናት ቢልሽ ምን ትያለሽ? አልሐምዱሊላህ አይደለም የምትይው?»

«ሰላምታ አይደለም እኮ! ሕክምና ነው።»

«ለማላውቃት ሴት የልጄን ልጅ ገመና በእጄ ልጽፍላት ነው? አላደርገውም። ነገ ስታድግ፣ ስትዳር፣ ወረቀቱ ይወጣል።»

ተናደድኩ። ዋናው ያናደደኝ በክፋት አለማድረጋቸው ነው፤ ክፋት ቢሆን እጣላቸው ነበር። «ሁለት ቀን ገደልሽብኝ» አልኩ፤ አዎ፣ አንቺ አልኳቸው፣ አምልጦኝ። የሒክማን ሩዝ ሊያዩ ወጥ ቤት ገቡ። እኔም በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። ሦስት ወር ጠብቄ፣ ፈቃድ ለምኜ እንደገና ይህን መንገድ የምመጣ አልመሰለኝም።

ዓርብ

እትዬ ከድጃ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ጠበቁኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ እነግራታለሁ» አሉ። አንድ ሰሃን ሳንቡሳም ይዘዋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሰሃኑን ያዥልኝ አሉኝ።

መጀመሪያ ኦሪጅናሉን አቀረብኩ። ሜላት አየችውና «ኮፒውም ይበቃ ነበር እኮ» አለች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻላል።

ከዚያ ደብተሩን ገለጠች። የእትዬ ከድጃን ገጽ ስታነብ አልሳቀችም። የእኔን ገጽ ግን ደጋግማ አየችው።

«ከሰባቱ አምስቱ ሲስሟት ነው» አለች። «ይሄ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ግን ሰባቱም ዝም አለች ነው የሚለው። ማን ዝም አሰኛት?»

«ራሷ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው። እየጻፍኩ።» ትንሽ ቅር አለኝ፤ የደብተሬን ሥራ ማንም ተጠራጥሮት አያውቅም።

ሜላት ወደ እትዬ ከድጃ ዞረች። «እናቴ፣ ቤት እንደሚያደርጉት አንድ ጊዜ ሰላም ሊሏት ይችላሉ?»

እትዬ ከድጃ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ሄደው አቅፈው ሳሟት። ሒክማ አንጓዋን ነከሰች። ከዚያ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ሒክማ ትከሻዬ ላይ ናት፣ ዝም ብላለች፣ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ሜላት በሩ ላይ ደብተሩን ይዛ ቆማለች።

«አሁን ያደረጉትን ሦስተኛው ዓምድ ላይ ይጻፉልኝ» አለች።

ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። አውቶቡስ ላይ፣ ላምበረት፣ በረንዳው ላይ፣ ማክሰኞ ሰባቱንም ጊዜ፣ ሁልጊዜ ይዣት ወጥቻለሁ። ደሴም ስድስት ዓመት ያደረግኩት እሱን ነው። አንዱንም አልጻፍኩም። የሰው መሳም ጻፍኩ፣ የልጄን ንክሻ ጻፍኩ፣ ራሴን ግን ሸፈንኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? እትዬ ከድጃን የተቆጣሁት በራሴ ሥራ ነው፤ እኔም በማስመሪያ ያሰመርኩት አልሐምዱሊላህ ነበር። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

«አይፈሩ» አለች ሜላት። «ልጅዎን ከሚያስጨንቃት ነገር ማውጣት ጥፋት አይደለም። ግን ሒክማ የተማረችው ስነክስ ያወጡኛል የሚለውን ነው። እየነገረችን ነው፤ በጥርሷ። እኛ በእጇ እንድትነግረን እናድርግ።»

ዕቅዱ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ለአንድ ገጽ ይህ ሁሉ! ሒክማ መዳፏን ከፍታ ወደ ፊት ታነሳለች፤ ትርጉሙ «በቃኝ» ነው። መጀመሪያ እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ ሳትነክስ በፊት እጇን አነሳላታለሁ፤ ቀስ በቀስ እርዳታዬን እቀንሳለሁ። እጇ ሲነሳ ማንም ይሁን ማን ወዲያው ያቆማል። በየቀኑ ስንት ንክሻ፣ ስንት መዳፍ እንደነበረ እጽፋለሁ፤ በየሳምንቱ ፎቶ አንስቼ በስልክ እልካለሁ። ለውጥ ካላመጣ ዕቅዱ ይቀየራል እንጂ ልጅቷ አትወቀስም። እርግጠኛ ያልሆንኩትን እንዳልጽፍም አስጠነቀቀችኝ።

«ሰውን ሁሉ አትሳሟት ብል አይቀልም?» አልኳት።

«ሰውን ሁሉ እርስዎ ማስቆም አይችሉም። እሷ ማስቆም እንድትችል ነው የምንፈልገው።»

እትዬ ከድጃ ጣልቃ ገቡ። «እኔን ነው የምታስቆመኝ?» አሉ። ሜላት አዎ አለቻቸው። «እሺ» አሉ፤ ሳንቡሳውንም ገለጡ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ልምምድ ነበር፤ ጭንቅላቴ የዞረበት ቀን። እትዬ ከድጃ ከእምቢተኛነት ወደ አዛዥነት የተሻገሩት በአንድ ሌሊት ነው። በር ላይ ቆመው የሚገባውን ጎረቤት ሁሉ «እጅሽን ወደ ኋላ፤ እጇ ካልወረደ አትጠጊ» ይላሉ። አንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ተናደዱ፦ «ሕፃን ልጅ ሽማግሌ ልታዝ ነው እንዴ?» እትዬ ከድጃ ደረጃውን አሳዩአቸው። ደሴ ቢሆን ኖሮ ለዕርቅ ሦስት ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር፤ እዚህ ሰውዬው ምሽቱን ዳቦ ይዘው ተመለሱ፣ ሁለት እጃቸውን ከዳቦው ጋር ወደ ኋላ አድርገው።

ሒክማ ግን አልተዋጠላትም። እጇን ሳነሳላት ትነጥቀኛለች። አሥራ አንድ ጊዜ ነከሰች፣ ከማክሰኞ ባሰ። ወገቤ ተቆረጠ። ለዚህ ነው ሳምንት የተንከራተትኩት? አልኩ። አመሻሽ ላይ እትዬ ከድጃ ጎንበስ ሲሉ ክንዷ ትንሽ ከፍ ያለ መሰለኝ። ልታክክ ይሁን ልትናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። ብዕሬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አልጻፍኩትም።

እሑድ

ላምበረት የተሸኘነው በንጋት ነው። እትዬ ከድጃ ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው አቆላልፈው ቆሙ። «ሳልስማት ልትሄድ?» አሉኝ፤ እጃቸውን ግን አልፈቱም። የፈቱት ለእኔ ነው፤ አንገቴን አቅፈው የሷንም ድርሻ ሳሙኝ።

ስለመልሱ መንገድ የምለው የለኝም፤ ያው ዋሻ፣ ያው ረዳት፣ ያው ምክር። ለሰዒድ ዕቅዱን በስልክ ልነግረው ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «እጇን... በቃ...» ብቻ ሰምቶ እጇ የተሰበረ መስሎት ደነገጠ። ቤት ደርሰን አስረዳዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ደሴ ስንደርስ ሰዒድ አውቶቡሱ ሳይቆም አየን። ሒክማ ከፊቴ ወረደች። እኔ በሁለት እጄ ሻንጣና እትዬ ከድጃ ያስጫኑኝን ከረጢት ይዤ ደረጃው ላይ ነኝ፤ ከኋላዋ ሆኜ እጇን የማነሳበት እጅ የለኝም። ሰዒድ ተንበርክኮ ክንዱን ዘርግቶ መጣ። ስምንት ቀን የናፈቀ ሰው ነው። ሒክማ ቀኝ እጇን አነሳች። ወደ አፏ የሚሄድ መሰለኝ፤ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝ።

እጇ አፏን አልፎ ወደ ፊት ሄደ፤ መዳፏ ተከፈተ።

«ቁም!» አልኩት፣ መናኸሪያው ሁሉ እስኪዞር።

ሰዒድ ክንዱን እንደዘረጋ ቀረ። መዳፏን አየ፣ እኔን አየኝ። «ምን ሆነች?»

«በቃኝ አለችህ። አትሳመኝ እያለችህ ነው።»

የሚከፋው መስሎኝ ነበር። ክንዱን ቀስ ብሎ አጠፈ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ፊቱ ሁሉ በዕንባ ሞላ።

«ለኔ ነው ያለችው?» አለኝ።

«ላንተ ነው።»

እጇን እስክታወርድ ተንበርክኮ ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ሳይነካት፣ «እሺ» አላት።